“ዕጢው በቀኝ በኩል ነው” ተባልን፤ ኮንዶሚኒየሙን እንሽጠው?

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ33 ዓመት ሴት ስሆን ከእናቴ ጋር አራት ኪሎ አካባቢ እኖራለሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ድካም ድካም ይላት፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። አንዱ ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎ የአይረን ክኒን ሲሰጣት፣ ሌላው ጨጓራ ነው ሲለን ወራት አለፉ። በመጨረሻ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ተደርጎላት ትልቁ አንጀቷ ላይ ዕጢ ተገኘ። ናሙናው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ሲቲ ስካኑ ደግሞ ወደ ጉበቷ መሰራጨቱን አሳየ። አሁን ክትትሏ ጥቁር አንበሳ ነው፤ ሁለት ዙር ኬሞ ወስዳለች። ቶሎ ሳላስመረምራት በመቅረቴ ራሴን እወቅሳለሁ።

ሐኪሙ በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ አንጀቱን በእስክሪብቶ ስሎ፣ በቀኝ በኩል ከታች ያለውን ጥግ ከበበና “እዚህ ጋ ነው” አለኝ። ፎቶ አንስቼ አሜሪካ ላለው ታላቅ ወንድሜ ላክሁለት። እሱም ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ፣ በቀኝ በኩል ሲሆን የባሰ እንደሆነና እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች 19 ወር፣ በግራ የሆነባቸው ግን 33 ወር እንደሚኖሩ በድምፅ መልእክት ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት ይኸው ካንሰር በግራ በኩል፣ ከፊንጢጣ ከፍ ብሎ ወጥቶባቸው ልጃቸው ሴቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት ከውጭ ታስመጣላቸው ነበር። ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዳሉ። ወንድሜ ይህንኑ መድኃኒት ገዝተን በመንገደኛ ሻንጣ እናስመጣ ይላል። የእሱ ገንዘብ ስለማይበቃ ልደታ ያለውን የእናቴን ኮንዶሚኒየም መሸጥ ሊኖርብን ነው፤ እናቴ የምትተዳደረው ግን በዚያው ኪራይ ነው። ደላላው ገዢ አግኝቶ ቀብድ ተቀበሉ እያለን ነው። አክስቴ በበኩሏ ኬሞው ነው የሚያደክማት፣ ትተነው እንጦጦ ጠበል እንውሰዳት ትላለች። እናቴ የምታውቀው አንጀቷ ላይ “ቁስል” እንዳለ ብቻ ነው። ቤቱ በስሟ ስለሆነ መፈረም ያለባት እሷ ናት፤ ለምን እንደምትፈርም ግን አልነገርናትም።

በቀኝ መሆኑ አለቀ ማለት ነው? ቤቱንስ እንሽጠው?

እንቅልፍ ያጣች፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ቀብዱን ለጊዜው አይቀበሉ። ደላላው ገዢ ይሸሻል ብሎ ያጣድፋችሁ ይሆናል፤ ይሽሽ። ይህን የምልዎ ለእናትዎ ገንዘብ ሊወጣ አይገባም ብዬ አይደለም። ራስዎ በደብዳቤዎ እንደጻፉት ዕጢው የወጣው በቀኝ በኩል ነው፤ ወንድምዎ ሊገዛ ያሰበው መድኃኒት ደግሞ በቀኝ ለወጣ ዕጢ የመጥቀም ዕድሉ በግራ ለወጣባቸው ለጎረቤታችሁ ከነበረው እጅግ ያነሰ ነው። እኔ የእናትዎ ሐኪም አይደለሁም፤ ወረቀታቸውንም አላየሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ይዘው ወደ ሐኪማቸው እንዲሄዱበት እንጂ በእሱ ብቻ እንዲወስኑ አልፈልግም።

ሐኪሙ የሳሉልዎትን ሥዕል እስቲ እንደገና አውጥተው ይዩት። ትልቁ አንጀት በቀኝ በኩል ከሆድ ግርጌ ይጀምርና ወደ ጉበት ሥር ይወጣል፤ ከዚያ ሆድን አግድም አቋርጦ በግራ በኩል ይወርድና ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። ሲያዩት አንድ ቱቦ ነው። ይሁን እንጂ ፅንስ እያለን የቀኙ ክፍልና የአግድሙ አብዛኛው የሚበቅሉት ከመካከለኛው የፅንስ አንጀት ሲሆን፣ የግራው ክፍል የሚበቅለው ከኋለኛው ነው። ደም የሚያደርሱላቸው ዋና ዋና ደም ሥሮችም የተለያዩ ናቸው። በሁለቱ ወገን የሚነሡ ዕጢዎች በዘረ መል ጠባያቸው ይለያያሉ፤ ለመድኃኒት የሚሰጡት ምላሽም እንዲሁ አንድ አይደለም። የካንሰር ሐኪሞች ዛሬ በተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ላይ ሕክምና ሲመርጡ መጀመሪያ ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ “ቀኝ ነው ወይስ ግራ?” የሚለው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሙ ያንን ጥግ የከበቡት እንዲያስፈራዎት ሳይሆን የሚሰጠውን ሕክምና የሚወስን መረጃ ስለሆነ ይመስለኛል።

ራስዎን ስለመውቀስዎ አንድ ነገር ልበል። በቀኝ በኩል አንጀቱ ሰፊ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈውም ገና ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ዕጢው ሳይዘጋ፣ ሳያሳምምም ለረጅም ጊዜ ሊያድግ ይችላል። የሚደማውም ደም ከሰገራ ጋር ተደባልቆ በዓይን ሳይታይ ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ፣ የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ልክ እንደ እናትዎ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና ደም ማነስ ነው። በግራ በኩል ቢሆን ኖሮ ደሙ በዓይን ይታይ፣ የሰገራው ሁኔታም ቶሎ ይለወጥ ነበርና ቀደም ብላችሁ በደነገጣችሁ ነበር። እርስዎ ያላዩት ነገር ለማንም ባለሙያ ላልሆነ ሰው የሚታይ አልነበረም። በመካከል ለሌሎች አንባቢዎቼ የምለው አለኝ፤ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ምክንያቱ በውል ያልታወቀ የአይረን እጥረት ከተገኘበት ክኒን ይዞ ወደ ቤት መሄድ አይበቃም፤ ደሙ ከየት እየፈሰሰ እንደሆነ ይጠየቅ፣ አንጀቱም ይታይ።

አሁን እንቅልፍ ወደ ነሳዎት ቁጥር ልምጣ። ወንድምዎ ያገኙት ቁጥር ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ትልቅ ጥናት የተወሰደ ነው። በዚያ ጥናት ኬራስ የተባለው ጂን (ዘረ መል) ያልተለወጠባቸው፣ በሽታቸው ግን የተሰራጨ ሕመምተኞች ተካተው ነበር፤ ዕጢው በግራ ለነበረባቸው መካከለኛው የሕይወት ዘመን 33.3 ወር፣ በቀኝ ለነበረባቸው ደግሞ 19.4 ወር ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን “መካከለኛ” ማለት ከሕመምተኞቹ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖረዋል ማለት ነው፤ ከእነሱም ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩ ይኖራሉ። ቁጥሩ የብዙ ሰዎች የጋራ መለኪያ ነው፤ ለአንዲት እናት የተቆረጠ ቀን አይደለም። በተጨማሪም ሕመምተኞቹ ወደ ጥናቱ የገቡት ከ2005 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጡና በተለይ አንዳንድ በቀኝ በኩል የሚወጡ ዕጢዎችን የሚያክሙ መድኃኒቶች በዚያን ጊዜ አልነበሩም። በቀኝ መሆኑ ነገሩን ከባድ እንደሚያደርገው አልደብቅዎትም። “አለቀ” ማለት ግን አይደለም።

ወንድምዎ ምናልባት ሳያስተውሉት ያለፉት የዚያው ጥናት ሌላ ክፍል ነው፤ ለእናንተ ውሳኔ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሕመምተኞቹ ከኬሞው ጋር ገሚሶቹ ሴቱክሲማብ፣ ገሚሶቹ ቤቫሲዙማብ የተባለ ሌላ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ሴቱክሲማብ ከወሰዱት መካከል ዕጢው በግራ የነበረባቸው መካከለኛ የሕይወት ዘመን 36 ወር ሲደርስ፣ በቀኝ የነበረባቸው ግን ከ17 ወር አልዘለለም። በቀኝ ሆኖባቸው ቤቫሲዙማብ የወሰዱት 24 ወር ገደማ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የወጡ ሌሎች ጥናቶችም ሴቱክሲማብና ከእሱ ጋር የሚመሳሰለው ፓኒቱሙማብ ከኬሞ ጋር እንደ መጀመሪያ ሕክምና ሲሰጡ በዋናነት የሚጠቅሙት በግራ ለወጣ ዕጢ እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ የጎረቤታችሁ መድኃኒት ለእሳቸው በትክክል ተመርጦላቸው ሊሆን ይችላል፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይጨምርላቸው። የእናትዎ ሕመም ግን ስሙ ከእሳቸው ጋር አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጂን ምርመራው ነው። ሴቱክሲማብ የሚሠራው በካንሰሩ ሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን የ“እደግ” መልእክት መቀበያ በመሸፈን ነው። መቀበያው መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው “ራስ” በሚባሉት ጂኖች (ኬራስና ኤንራስ) በኩል ሲሆን፣ ከአንጀት ካንሰር ሕመምተኞች ግማሽ በሚጠጉት ላይ እነዚህ ጂኖች ተለውጠው ይገኛሉ። ጂኑ ከተለወጠ፣ ተጣብቆ ሳያቋርጥ ለሚጮኽ ደወል ከበር ውጭ ያለውን መጫኛ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው፤ መድኃኒቱ ይከፈልበታል እንጂ አይሠራም። ስለዚህ ዕጢው በግራ ቢሆን እንኳ ምርመራው ሳይደረግ መድኃኒቱ አይጀመርም። በደብዳቤዎ ስለዚህ ምርመራ ምንም አልጻፉም፤ ተደርጎ ይሆን? ናሙናው ሲመረመር በሰም ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ብሎክ አለ። የምርመራ ክፍሉን ጠይቀው ብሎኩ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ኬራስ፣ ኤንራስ፣ ቢራፍ እና ኤምኤምአር የተባሉት ምርመራዎች ተሠርተው እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ። ካልተሠሩ የት ሊሠሩ እንደሚችሉና ብሎኩ ወደ ውጭ መላክ ካለበትም በማን በኩል እንደሚላክ ያስረዱዎታል። የወንድምዎ ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ቤት የሚያሸጥ አይመስለኝም።

ኤምኤምአር የተባለውን በተለይ አደራ እልዎታለሁ። በዘረ መል ቅጂ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን የሚያርሙ ፕሮቲኖች በዕጢው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ያሳያል። ከተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ሕመምተኞች እነዚህ ፕሮቲኖች የሚጎድሉባቸው ከመቶ አምስት አካባቢ ብቻ ናቸው፤ ሲጎድሉ ግን በብዛት የሚጎድሉት በቀኝ ለወጣ ዕጢ ነው። እንዲህ ላሉ ሕመምተኞች ፔምብሮሊዙማብ የተባለው የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቃ መድኃኒት፣ በ2020 ይፋ በሆነ ጥናት በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን መካከለኛ ጊዜ በኬሞ ከሚገኘው 8.2 ወር ወደ 16.5 ወር አሳድጎታል። ቢራፍ የተባለው ጂን ተለውጦ ከተገኘ ደግሞ፣ ኬሞ ከተሰጠ በኋላ በሽታው ሲባባስ ሴቱክሲማብ ኢንኮራፌኒብ ከተባለ ክኒን ጋር ተጣምሮ የሚሰጥበት መንገድ አለ። ስለዚህ ዛሬ አይጠቅምም ያልነው መድኃኒት ነገ በሌላ መልክ ሊፈለግ ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች በጣም ውድ ናቸው፤ በቀላሉም አይገኙም። የምርመራው ውጤት ከመጣ በኋላ ቤቱን የመሸጥ ጥያቄ እንደገና ሊነሣ ይችል ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ምን እንደምትገዙና ለምን እንደምትገዙ አውቃችሁ ትነጋገራላችሁ።

በሻንጣ ስለማስመጣቱም አስቡበት። ሴቱክሲማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት መርፌ ነው። ከአሜሪካ ተነሥቶ አንድ ቀን በመንገድ ላይ የቆየና በየአየር ማረፊያው ያደረ ሻንጣ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ቦሌ ሲደርስ መድኃኒትነቱ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን ስላየነው አናውቅም። ከዚህም በላይ የሚሰጠው በደም ሥር ነው፤ አንዳንዴም ብርቱ የሆነ የአለርጂ ምላሽ ያስከትላል። ስለዚህ የትኛውም ጥንቁቅ ሐኪም ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተጓጓዘ የማያውቀውን መርፌ ለመስጠት ያመነታል።

ስለ ጉበቱ ሐኪሙን ጠይቀዋል? በሲቲ ስካኑ ላይ ስንት ቦታ ታየ? በአንድ ወገን ነው ወይስ ተበትኗል? ከአንጀት የሚነሣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ያረፈው ጥቂት ከሆነና ኬሞው ካሳነሰው፣ አንዳንድ ሕመምተኞች በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው ይችላል፤ ከእነዚህም ከአምስት ዓመት በላይ የሚኖሩ፣ ጥቂቶቹም ፈጽመው የሚድኑ አሉ። ይህ ለሁሉም የሚሆን አይደለም። በቀኝ የተነሣ ዕጢም በዚህ ረገድ ትንሽ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ቀጠሮ “የጉበት ቀዶ ሐኪም ስካኑን ቢያየው ይጠቅማል?” ብለው መጠየቅ ምንም አያስከፍልዎትም። የሚሰጧቸውን ኬሞ ስም አስጽፈው ይያዙ። ኦክሳሊፕላቲን ያለበት ከሆነ፣ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ሲነኩ ጣታቸውን እንደ መርፌ ይወጋቸዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡም ጉሮሯቸው የተዘጋ ሊመስላቸው ይችላል። የሚጠጡት ለብ ያለ ይሁን፤ ዕቃ ማጠቡንም እርስዎ ይረከቧቸው። መደንዘዙ በዙሮች መካከል ካልለቀቃቸው ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደኝ ልግባ። እናትዎ ሳያውቁ ቤታቸውን ሊፈርሙ ነው። እኛ ሰዎች ሕመምተኛን ከክፉ ወሬ መጠበቅ ፍቅር እንደሆነ ተምረን ያደግን ነን፤ ስለዚህ ስለደበቃችሁ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን እስቲ ይጠይቁ፤ እናትዎ በእርግጥ አያውቁም? በዚያ የካንሰር ክፍል መተላለፊያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አጠገባቸው ያሉት ምን እንደሚያወሩ አልሰሙም? ብዙ እናቶች ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ሲሉ እንዳላወቁ ይሆናሉና፣ ሁለታችሁም አንዳችሁ ሌላውን እየጠበቃችሁ ብቻችሁን ትደክማላችሁ። ሁሉን በአንድ ጊዜ አውጥተው እንዲያፈሱባቸው አልልም። ማታ ቡና ከጠጣችሁ በኋላ፣ አክስትዎም ሌላም ሰው ሳይኖር፣ “እማዬ፣ ሐኪሙ ስለ ሕመምሽ ብዙ ነግሮኛል፤ አንቺ ምን ያህሉን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?” ብለው ይጠይቋቸው። “አልፈልግም፣ አንቺ ስሚልኝ” ካሉም መብታቸው ነው። የቤቱ ነገር ግን ከዚህ ውጪ ነው፤ የራሳቸው ንብረት፣ የራሳቸው የእለት እንጀራ ስለሆነ ሳያውቁ መፈረም የለባቸውም። ምናልባትም እሳቸው ቤቱ ለልጆቼ ይቅር ይሉ ይሆናል፤ ምናልባት ደግሞ ሽጡና አክሙኝ ይላሉ። እርስዎና ወንድምዎ በእሳቸው ምትክ ይህን መገመታችሁ ነው ያስጨነቀኝ።

አክስትዎን በተመለከተ ጠብ አያስፈልግም። ጠበልና ኬሞ አንዱ ሌላውን እንዲያስቀር የሚያስገድድ ነገር የለም። እናትዎ እምነታቸው ከሆነ በኬሞው ዙሮች መካከል፣ ሰውነታቸው ጠንከር ባለበት ሰሞን ሐኪሙን አማክረው ይጠመቁ። ብርዱና ትኩሳቱ ግን ያሳስበኛል፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ከያዘው ያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከነፍስ አባታቸው ጋርም ስለ ጾሙ ይነጋገሩ፤ የታመመን ሰው ከጾም ነጻ ማድረግ በቤተ ክርስቲያን የቆየ ሥርዓት ነውና፣ ከእርስዎ አፍ ይልቅ ከእሳቸው ሲሰሙት እናትዎም ይቀበሉታል።

ወንድምዎ ሩቅ ሆነው የሚያደርጉት ስላጡ ነው መድኃኒት መግዛትን የያዙት። አይጣሏቸው፤ የሚሠሩት ሥራ ይስጧቸው። የምርመራውን ወጪ ይሸፍኑ፣ የሐኪሙን መልስ በስልክ አብረው ይስሙ። ለራሳቸውም አንድ የሚያደርጉት አለ። እናት ወይም አባቱ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ከ40 ዓመቱ ጀምሮ ኮሎኖስኮፒ እንዲደረግለት ይመከራል፤ ከ40 ካለፉ ሳይውሉ ሳያድሩ ቀጠሮ ይያዙ። እርስዎም የኤምኤምአሩ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙን ስለ ራስዎ ይጠይቁ፤ ጉድለቱ በዘር የሚተላለፍ ሆኖ ከተገኘ ምርመራው ከ40 ዓመት በፊት፣ ማለትም አሁን ባሉበት ዕድሜ መጀመር አለበት።